«ሊዘንብ ይችላል»፦ ፈጽሞ የማይሳሳተው የክረምት ትንበያ

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ጀሞ። አንድ ዘመዴ የሚያሠራው ቤት የሶሌታ ሙሌት ሊጀመር ነው። ሚክሰሩ ቆሟል፣ አሸዋና ጠጠሩ ተራግፏል፣ የቀን ሠራተኞቹ ባሬላቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ፎርማኑ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ወጨጫ አንጋጦ አየና ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ የተማርከው፣ እስቲ ንገረና። ዛሬ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?»

ስልኬን አወጣሁ። መተግበሪያው ከቀትር እስከ ማታ በእያንዳንዱ ሰዓት ላይ ያው ደመናና ያው ጠብታ ደርድሯል፤ ሁሉም ላይ 60 በመቶ። በዋዜማው ማታ በቴሌቪዥን የሰማሁትንም አስታወስኩ። በብዙ ስፍራዎች ከቀላል እስከ መካከለኛ መጠን ያለው ዝናብ፣ በጥቂት ስፍራዎች ደግሞ ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ሊኖር ይችላል የሚል ነበር። ሁለቱንም ነገርኩት። ፎርማኑ ሳቀ።

«ይሄንንማ እኔም አውቀዋለሁ። ክረምት አይደል እንዴ!»

ሙሌቱ ተጀመረ። ወደ 9 ሰዓት ሲጠጋ ሰማዩ ጠቆረ፣ ትንሽ ቆይቶም ወረደው። የነበረን ሸራ ግማሹን እንኳ አልሸፈነም። በመጨረሻ የተሞላው ክፍል ላይ ሲሚንቶው ታጥቦ ጠጠሩ ፈጠጠ። ያልጠነከረ አርማታ ላይ የሚወርድ ዝናብ በላይኛው ገጽ ላይ የውሃውን መጠን ከሲሚንቶው አንጻር ከፍ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ያ ክፍል የታሰበለትን ጥንካሬ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ማታ ቤቴ ገብቼ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። የሰማሁት ትንበያ ተሳስቶ ነበር? አልተሳሳተም። ዝናብ ሊኖር ይችላል አለ፣ ኖረ። ባይኖርም ኖሮ ልክ ነበር። ዝናቡ ጀሞን ትቶ ሲኤምሲ ላይ ቢወርድም ልክ ነበር። ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ዓይነት ልክነት ነው። በክረምት የምንሰማው የቅዳሜና እሁድ ትንበያ ብዙ ጊዜ የማይሳሳት ሆኖ ስለሚጻፍ፣ መወሰን ላለበት ሰው የሚሰጠው ነገር በጣም ትንሽ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ትንበያውን ቃል በቃል እናንብበው

መጽሐፍ እንደሚገመገም ትንበያም ሊገመገም ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት አገላለጾች የአንድ ቀን መግለጫ ቅጂ አይደሉም። በየክረምቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በማኅበራዊ ገጾች ደጋግመን የምንሰማቸው ናቸው።

«በብዙ ስፍራዎች»፣ «በአንዳንድ ስፍራዎች»፣ «በጥቂት ስፍራዎች»። እነዚህ ቃላት የሚናገሩት ስለ ስፋት ነው ወይስ ስለ ዕድል? «በአንዳንድ ስፍራዎች ይዘንባል» ማለት ከከተማዋ ሲሶው በእርግጠኝነት ይረጥባል ማለት ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ የትም ቦታ ላይዘንብ ይችላል፣ ከዘነበ ግን እዚህም እዚያም ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ለትንበያ ባለሙያው ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። ለሰሚው ግን አይደለም፤ የማንም ቤት «አንዳንድ ስፍራ» የሚል ታፔላ የለውም።

«አዲስ አበባ»። ከተማችን ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ትሰፋለች። በሰሜን በኩል እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፣ በደቡብ አቃቂ ወገን መሬቱ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጀሞ በቀጥታ መስመር ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የክረምት ነጎድጓዳማ ዝናብ የሚያወርደው ነጠላ ደመና ደግሞ ስፋቱ ብዙ ጊዜ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ቦሌ ያለው መስፈሪያ ደረቅ ሆኖ ጀሞ መንገዱ ወንዝ ሲሆን ያላየ የአዲስ አበባ ሰው አለ?

ሰዓትም ብዙ ጊዜ አይነገርም። «በመጪዎቹ ሁለት ቀናት» ውስጥ 48 ሰዓት አለ። አርማታ የሚሞላ፣ የሰርግ ድንኳን የሚተክል፣ ጉሊት የምትዘረጋ፣ ከጀሞ ሚካኤል ታክሲ ተሳፍሮ ለቀብር የሚሄድ ሰው የሚፈልገው ከ48ቱ የትኞቹ አራቱ እንደሆኑ ነው።

በመጨረሻ «ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ» ይባላል። የትኛውን? ልብስ ከገመድ ላይ ማንሳት ጥንቃቄ ነው። ልጆችን ይዞ ከወንዝ ዳር ቤት ወጥቶ ዘመድ ጋ ማደርም ጥንቃቄ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ግን የትየለሌ ነው።

የሳጅን ፊንሊ 96.6 በመቶ

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ጆን ፊንሊ የተባለ የአሜሪካ ጦር ሳጅን አውሎ ነፋስ በየት አካባቢ እንደሚነሳ መተንበይ ጀመረ። ውጤቱን ሲያወጣ 96.6 በመቶ ትክክል ነበርኩ አለ። ግሩም ነው፣ አይደል?

በዚያው ዓመት ግሮቭ ካርል ጊልበርት የተባለ የሥነ ምድር ተመራማሪ ቁጥሮቹን ፈተሻቸው። ከ2,803 ትንበያዎች ውስጥ አውሎ ነፋስ የተከሰተው በ51ዱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ምንም ሳያጠና በየቀኑ «አውሎ ነፋስ የለም» የሚል ሰው 98.2 በመቶ ትክክል ይሆናል። ፊንሊ ከዚህ ሰነፍ ሰው ያነሰ ውጤት ነበር ያገኘው። ፊንሊ ግን ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም። አውሎ ነፋስ ይነሳል ካላቸው 100 ጊዜያት ውስጥ 28ቱ ተከስተዋል፤ እንደዚያ ለመሰለ ብርቅ ነገር ይህ ቀላል አይደለም። ችግሩ መለኪያው ነበር። የሚያስፈልገው ጥያቄ «ስንት ጊዜ ልክ ሆንክ?» ሳይሆን «ምንም ከማያውቅ ሰው በምን ያህል በለጥክ?» የሚለው ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመልሰው። በሐምሌና በነሐሴ በከተማችን በአማካይ ከ10 ቀናት ቢያንስ በ8ቱ ዝናብ ይመዘገባል። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለቱን ወራት ሙሉ በየማታው «ነገ ይዘንባል» እያለ ቢያድር ከ80 በመቶ በላይ ልክ ይሆናል። ሳተላይት አያስፈልገውም፣ ኮምፒውተር አያስፈልገውም፣ የቀን መቁጠሪያ ይበቃዋል። ፎርማኑ የሳቀብኝ ለዚህ ነው። የእሱ ዕውቀት ከቀን መቁጠሪያው ጋር እኩል ነው፣ እኔ ያነበብኩለትም እንደዚያው።

እንዲያውም አባቶቻችን ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ሲሉ ከዚህ የበለጠ ደፍረዋል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ አባባሉ ቀን ቆርጧል፣ ስለዚህ ሊፈተን ይችላል። ሲፈተን በከፊል ይወድቃል፤ በአዲስ አበባ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላም እስከ መስከረም ድረስ ብዙ ዝናብ ይዘንባል። ግን መሳሳት የሚችል ትንበያ ነው። ከመሳሳቱ አንድ ነገር መማር ይቻላል።

«ከባድ ዝናብ» ለማን ነው ከባድ?

በኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት መግለጫዎች ውስጥ ከባድ ዝናብ የሚባለው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዘንብ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ ሠላሳ ሚሊ ሜትር ደግሞ ሠላሳ ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ተኩል። ለገበሬ ይህ ጥሩ መለኪያ ነው። ማሳው በቀን ያገኘውን ውሃ ጠቅላላ ይነግረዋል።

ለከተማ ቱቦ ግን መጠኑ ብቻውን ምንም አይናገርም። ፍጥነቱ ነው ወሳኙ። መሐንዲሶች ትንንሽ የፍሳሽ መስመሮችን ስንነድፍ የምንጠቀምበት ቀላል ቀመር አለ። የጎርፉ ፍሰት ከሦስት ነገሮች ብዜት ይገኛል፦ ከመሬቱ ስፋት፣ ከዝናቡ ፍጥነት፣ እና ውሃው ሳይሰርግ ከሚፈስሰው ድርሻ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አስፋልት፣ ኮብልስቶንና ጣሪያ የበዛበት 20 ሄክታር ቦታ እናስብ። ከሚዘንበው ውስጥ 80 በመቶው ይፈስሳል እንበል።

ያው 30 ሚሊ ሜትር 24 ሰዓት ሙሉ ቢያካፋ ፍጥነቱ በሰዓት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። ፍሰቱ በሰከንድ 56 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ቱቦው ሳይሰማው ያሳልፈዋል። ያው 30 ሚሊ ሜትር በግማሽ ሰዓት ቢወርድ ፍጥነቱ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ነው። ፍሰቱ በሰከንድ ወደ 2,700 ሊትር ይደርሳል። 48 እጥፍ! ያውም ቱቦው በፌስታልና በላስቲክ ጠርሙስ ካልተደፈነ ነው።

በትንበያው ቋንቋ ሁለቱም «ከባድ ዝናብ» ናቸው። ይባስ ብሎ በ20 ደቂቃ ውስጥ 25 ሚሊ ሜትር ዘንቦ ቢያቆም ከመስፈርቱ በታች ስለሆነ ከባድ ላይባል ይችላል፣ ምድር ቤት ያለ ሱቅ ግን ውሃ ገብቶታል። በግብርና ዘመን ለግብርና የተበጀ ቃል ለከተማ ጎርፍ እንዳለ ተሰጠን።

የጎርፍ ሌላው ጠባይ ደግሞ ከዘነበበት ቦታ ርቆ መግደሉ ነው። ከሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ድሬዳዋ ላይ ከ250 በላይ ሰዎችን የገደለው የደቻቱ ጎርፍ የመጣው በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ደጋማ ቦታዎች ላይ ከዘነበ ዝናብ ነው። ጀሞ ላይም ቢሆን ከፉሪና ከወጨጫ ተራሮች ወገን በሚወርዱ ጅረቶች ዳር የሚኖር ሰው ማወቅ ያለበት በራሱ ጣሪያ ላይ ስለሚወርደው ብቻ አይደለም። «በአዲስ አበባ ይዘንባል» የሚል ዓረፍተ ነገር ተራራውን አያካትትለትም።

ስልኩስ ይሻላል?

ብዙዎቻችን «ቴሌቪዥኑን ተወው፣ ስልኩ በሰዓት በሰዓት ይነግርሃል» እንላለን። እዚህ ላይ ትችቴ ይጠነክራል። የቴሌቪዥኑ ትንበያ ድብልቅልቅ ቢልም ልኩን ያውቃል። ስልኩ ግን የሌለውን እርግጠኝነት ለብሶ ይመጣል።

አብዛኞቹ መተግበሪያዎች የሚያሳዩን የዓለም አቀፍ ኮምፒውተር ሞዴሎችን ውጤት ነው። እነዚህ ሞዴሎች ምድርን በብዙ ትንንሽ ሳጥኖች ይከፍሏታል፤ ከምርጦቹ አንዱ የሆነው የአውሮፓው ሞዴል እንኳ የሳጥኑ ጎን 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጀሞ ደመና ከአንድ ሳጥን ያንሳል። ስለዚህ ሞዴሉ ደመናውን ራሱን ሊያየው አይችልም፤ በሳጥኑ ውስጥ ካለው ሙቀትና እርጥበት ተነስቶ «እዚህ ውስጥ ደመና ሳይኖር አይቀርም» ብሎ በግምት ቀመር ያስገባዋል። የዚህ ዓይነቱ ግምት አንዱ የታወቀ ድክመት የሐሩር አካባቢ ዝናብን ቀድሞ፣ ወደ ቀትር አካባቢ ማውረዱ ነው። በእውነት ግን ዝናባችን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዘግየት ብሎ ከሰዓት በኋላ ነው። የኔ ስልክ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ጠብታ መደርደሩ፣ ሰማዩ ግን 9 ሰዓት መጠበቁ የአጋጣሚ ጉዳይ ብቻ ላይሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ዘጠኝ ዓለም አቀፍ የትንበያ ሥርዓቶችን በሰሜናዊ ሐሩር አፍሪካ የክረምት ዝናብ ላይ ፈትኖ ነበር። ከ2007 እስከ 2014 ያሉትን ዓመታት ዝናብ ከትንበያዎቹ ጋር አነጻጸረ። ውጤቱ አስደንጋጭ ነው፦ ሳይታረሙ የተወሰዱት ትንበያዎች ያለፉ ዓመታትን መዝገብ ብቻ አይቶ ዕድል ከሚናገር ሰው አልበለጡም፤ እንዲያውም አነሱ። ማለትም ጊልበርት በፊንሊ ላይ ያገኘው ነገር ከ130 ዓመት በላይ ቆይቶ በሱፐር ኮምፒውተር ተደገመ። ጥናቱ ያተኮረው በምዕራቡና በመካከለኛው ወገን ላይ ስለሆነ ለኛ ተራራማ አገር በቀጥታ አይገለበጥም። ግን በየሰዓቱ የተደረደረችውን ጠብታ እንደ ሰዓት ሠሪ ቃል ከማመን ሊያስጠነቅቀን ይገባል።

ምን ማወቅ ይቻላል?

እንግዲህ ምንም ማወቅ አይቻልም ማለቴ ነው? አይደለም።

የክረምት ቀን የራሱ ሥርዓት አለው። ጠዋት ላይ ደመናው ገለጥ ብሎ ፀሐይ ስትበረታ መሬቱ ይሞቃል፣ የሞቀው እርጥብ አየር በእንጦጦና በወጨጫ ገደሎች ላይ እየወጣ ይቀዘቅዛል፣ ደመናው ወደ ላይ ይቆለላል፣ ከሰዓት ይፈነዳል። እናቶቻችን ያችን ጠዋት የምትፋጅ ፀሐይ «የዝናብ ፀሐይ ናት» የሚሏት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንዱ ደመና ሥር የሚወርደው ቀዝቃዛ ነፋስ ደግሞ ከፊቱ ያለውን ሞቃት አየር ገፍቶ አጠገቡ ሌላ ደመና ያስነሳል። ስለዚህ ዓርብ ማታ ላይ ሆኖ «ነገ 9 ሰዓት ጀሞ ላይ» ማለት አይቻልም፤ «ነገ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ከጠዋቱ በብዙ እጥፍ የበለጠ ዕድል አለ» ማለት ግን ይቻላል።

በዕለቱ ደግሞ ከዚህ ይሻላል። ሜትዎሳት የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች አፍሪካን ቀንና ሌሊት በየ15 ደቂቃው ሲያነሱ ቆይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የመጠቀው አዲሱ ትውልድ በየ10 ደቂቃው ያነሳል፣ መብረቅም ይቆጥራል። የደመና አናት በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ታየ ማለት ደመናው ሽቅብ እየተተኮሰ ነው። ይህን አይቶ የሚቀጥለውን አንድና ሁለት ሰዓት መናገር ዓርብ ማታ ላይ ቅዳሜን ከመናገር በጣም ይቀላል። 7 ሰዓት ላይ ሦስት መስመር መልእክት ቢደርሰን ኖሮ የጀሞው ፎርማን ሙሌቱን ገታ አድርጎ ሸራ ለመዋስ በቂ ጊዜ ነበረው።

ቋንቋችን አቅም አለው

ትችት ብቻ ይዞ መቅረብ ቀላል ነው፤ እስቲ ሐሳብም ላቅርብ።

«ሊዘንብ ይችላል» የምንለው አማርኛ ሌላ ስለሌለው አይደለም። «ይዘንባል» እና «ሳይዘንብ አይቀርም» አንድ አይደሉም። «ሊዘንብም ላይዘንብም ይችላል» ከሁለቱም ይለያል። «መዝነቡ ያጠራጥራል» ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ያዘነብላል። ማንም አማርኛ ተናጋሪ ደረጃቸውን በጆሮው ያውቀዋል። የጎደለው ቁጥር ማሰር ነው። የዓለም የአየር ንብረት ለውጥን የሚገመግመው አይፒሲሲ ይህንኑ አድርጓል፤ «የመሆን ዕድል አለው» የሚለውን ቃል ከ66 በመቶ በላይ፣ «በጣም ከፍተኛ ዕድል አለው» የሚለውን ከ90 በመቶ በላይ ብሎ አስሯል። እኛም እንዲህ ብንል፦

ይዘንባል፦ ከ90 በመቶ በላይ
ሳይዘንብ አይቀርም፦ ከ66 እስከ 90
ሊዘንብም ላይዘንብም ይችላል፦ ከ33 እስከ 66
መዝነቡ ያጠራጥራል፦ ከ10 እስከ 33
አይዘንብም፦ ከ10 በታች

«ሕዝቡ በመቶኛ አይገባውም» የሚል ተቃውሞ እሰማለሁ። ተቃውሞው መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት በአምስት ትልልቅ የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች ሰዎችን «30 በመቶ የዝናብ ዕድል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ብዙዎቹ ከቀኑ 30 በመቶ ያህል ሰዓት ይዘንባል፣ ወይም ከአካባቢው 30 በመቶው ላይ ይዘንባል ብለው ተረዱት። አብዛኛው ሰው በትክክል የመለሰው በኒው ዮርክ ብቻ ነው፤ አሜሪካ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ትንበያዋን በመቶኛ ስትናገር ቆይታለች። ከዚህ የምንማረው ሰው የሚለምደው ሲነገረው መሆኑን ነው። ደግሞም ለኛ አገር ነገሩ ፍጹም እንግዳ አይደለም። የሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎቻችን ለወቅት ትንበያ «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» እያሉ ለእያንዳንዱ መቶኛ ያወጣሉ። ለአራት ወር ክረምት መቶኛ ከተሰጠ ለአንድ ቅዳሜ ለምን ይነፈጋል?

ቁጥሩ ለምን እንዳስፈለገ ሒሳቡን እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። ሙሌቱን ለሌላ ቀን ማዛወር በሚክሰር ኪራይና በሠራተኛ ክፍያ 15,000 ብር ያስወጣል፤ ዝናብ ከመታው ደግሞ ኪሳራው 100,000 ብር ነው እንበል። 15,000ን ለ100,000 ስናካፍል 15 በመቶ ይሆናል። እንግዲህ የከባድ ዝናብ ዕድል ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ ማዛወር ያዋጣል፣ በታች ከሆነ መሙላት ያዋጣል። ልብስ ለምታሰጣ ሴት ጥንቃቄውም ጉዳቱም ትንሽ ነው፤ እሷ 60 እና 70 በመቶ ካልሆነ አትንቀሳቀስም። ወንዝ ዳር የሚያድር ቤተሰብ ግን የሚጠፋው ነገር ሕይወት ነው፤ ለእሱ 3 በመቶም ብዙ ነው።

አንድ ትንበያ፣ ሦስት የተለያዩ ውሳኔዎች። «ሊዘንብ ይችላል» የሚለው ሐረግ ሦስቱንም በአንድ ጨለማ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ ትንበያው ለማንም አልወሰነም፣ ማንም በእሱ ሊወስን አይችልም።

እንዲህ ቢጻፍስ?

ለዚያ ቅዳሜ ዓርብ ማታ ቢወጣ የምመኘው ትንበያ ይህን ይመስላል። ቁጥሮቹን እኔ ለማሳያ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ ቅርጹን ነው የምከራከርለት።

«ቅዳሜ፣ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አዲስ አበባ (ዓለም ባንክ፣ አየር ጤና፣ ጀሞ፣ ለቡ)። እስከ ቀኑ 6 ሰዓት መዝነቡ ያጠራጥራል፣ 20 በመቶ። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ነጎድጓዳማ ዝናብ ሳይዘንብ አይቀርም፣ 75 በመቶ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ የመውረድ ዕድሉ 20 በመቶ ነው፤ ይህ ከሆነ ዝቅ ያሉ መንገዶች ላይ ውሃ ይተኛል። ከወጨጫና ከፉሪ በሚወርዱ ጅረቶች ዳር ያላችሁ፣ ጀሞ ላይ ባይዘንብም ተራራው ከጠቆረ ልጆችን ከጅረቱ አርቁ። እሁድ ከቅዳሜ ጋር ይመሳሰላል፣ እርግጠኝነታችን ግን ዝቅ ያለ ነው። ቅዳሜ 7 ሰዓት ላይ አዲስ መረጃ እናወጣለን።»

ይህን ለማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቦታ አለው፣ ሰዓት አለው፣ ፍጥነት አለው፣ ማን ምን ያድርግ አለው። ከሁሉም በላይ መሳሳት ይችላል።

መሳሳት ከቻለ ደግሞ ሊለካ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1950 ግሌን ብራየር ያቀረበው መለኪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የተናገርከውን ዕድል ከሆነው ነገር ቀንሰህ ልዩነቱን በራሱ ታባዛለህ። 80 በመቶ ብለህ ከዘነበ ቅጣትህ 0.04 ነው፣ ካልዘነበ 0.64። ዓመቱን ሙሉ አማካዩን ወስደህ በቀን መቁጠሪያ ብቻ ከሚተነብየው ሰው ጋር ታወዳድራለህ። ሌላም ቀላል ፈተና አለ፦ «70 በመቶ» ካልካቸው ቀናት ሁሉ መካከል በእርግጥ 70 በመቶ ያህሎቹ ላይ ዘንቧል ወይ?

እንዲህ ዓይነት የውጤት ሰሌዳ በክረምት ማብቂያ ለሕዝብ ቢወጣ በባለሙያዎቻችን ላይ የሚያሳፍር ነገር ያመጣል ብዬ አልሰጋም። እንደኔ ግምት የሚጠቀሙት እነሱው ናቸው። ዛሬ ጥሩ ትንበያ የሠራና መጥፎ ትንበያ የሠራ ባለሙያ በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ስለሚናገሩ ማን እንደሠራ ማንም አያውቅም። ለተጨማሪ መስፈሪያ ጣቢያ፣ ለራዳር፣ ለኮምፒውተር በጀት ሲጠየቅም «በዚህ ያህል ተሻሻልን» የሚል ማስረጃ ይገኛል።

ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከቡሄ ሁለት ቀን በፊት፣ አዲስ አበባ ላይ የወረደ ከባድ ዝናብ ባስከተለው ጎርፍ ሰባት ሰዎች ሞተዋል። ያን ቀን ከዚህ የተሻለ ቃል ያድናቸው ነበር ብዬ መናገር አልችልም፤ ቱቦው፣ የወንዝ ዳር ሰፈራው፣ ቆሻሻው ሁሉም ድርሻ አላቸው። ግን ከነዚህ ሁሉ ውስጥ በዚህ ሳምንት ያለ ቁፋሮ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ ካሳ ሊቀየር የሚችለው ዓረፍተ ነገሩ ነው።

የዘመዴ ሶሌታ ተፈተሸ፣ የላላው ክፍል ተቆርጦ እንደገና ተሞላ። በሁለተኛው ሙሌት ቀን ፎርማኑ ምንም አልጠየቀኝም። ሦስት ሸራ ተከራይቶ መጥቷል፣ ሥራውንም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አስጀምሮ 6 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሷል። ያን ቀን ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። በቴሌቪዥን ግን ሊዘንብ ይችላል ተብሎ ነበር።